ዳማው እንዴት ነው?

ወታደሮች ከጦር ሜዳ ለቤተሰብ ስለሚልኳቸው ደብዳቤዎች የጻፋችሁትን አነበብኩ፣ ደስ ይላል። ግን ተኩስ ከቆመ በኋላ የመጡትን ደብዳቤዎች ዘለላችኋቸው። እኛ ቤት የቀረው እንደዚያ ያለ አንድ ደብዳቤ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ከኤርትራ ጋር በነበረው ጦርነት ዘምቶ ነበር። ሰኔ 1992 ተኩስ ቆመ፤ የአልጀርሱ ስምምነት ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ተፈረመ። እሱ ግን "ዛሬ ነገ ትሰናበታላችሁ" እየተባለ እዚያው ከረመ።

ደብዳቤው በደብተር ወረቀት ነው፣ ከፊትም ከጀርባም። ግማሹ በሰማያዊ፣ እስክሪብቶው አልቆበት መሰለኝ የቀረው በቀይ። እማዬ ቀዩን አልወደደችለትም። "ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ" ይላል፣ እንደ ወጉ። ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል የለም። የሚጠይቀው ስለ ጋሪያችን ፈረስ ነው። አዳማ (ያኔ ሁላችንም ናዝሬት ነበር የምንላት) በጋሪ የምትታወቅ ከተማ ነበረች፣ የእኛም እንጀራ እሱ ነበር። "ዳማው እንዴት ነው? እግሩን ተሻለው? ገብስ ይበላል?"

ዳማው ከሞተ ሁለት ወር አልፎት ነበር። እማዬ "ደህና ነው በለው" አለችኝ። ጻፍኩ።

የመጣ ዕለት ሻንጣውን እንኳ ሳያወርድ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደ።