ርክክቡ በደማቅ ሁኔታ ተከናወነ

ጎበዝ፣ እናጨብጭብ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለወረዳዎች ሶፍትዌር እያስረከቡ ነው። የፋይል አያያዝ፣ የንብረት ቁጥጥር፣ የመሬት መረጃ፣ የቅሬታ መቀበያ፤ ምን የቀረ አለ?

እኔ በበኩሌ የማደንቀው ርክክቡን ነው። ሶፍትዌር አይታይ፣ አይጨበጥ። ፎቶ እንዴት ይነሳለት? ምሁር ግን መላ አያጣም። ላፕቶፕ በሪባን ይታሰርና ከፕሬዚዳንቱ እጅ ወደ አስተዳዳሪው እጅ ይሻገራል። ሁለቱም ላፕቶፑን እንደያዙ ወደ ካሜራው ፈገግ ይላሉ። «ባነሩ አልገባም» ይላል የኮሙኒኬሽኑ ልጅ። እንደገና ይረካከባሉ። ከአዳራሹ ወደ ሻይ፣ ከሻይ ወደ ምሳ፣ ከምሳ ወደ አበል።

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 1152/2011 ዩኒቨርሲቲን ከማስተማርና ከመመራመር ሌላ ማህበረሰቡንም አገልግል ይለዋል። ያገለገለ ደግሞ ሪፖርት ያደርጋል። ስንት ቴክኖሎጂ እንደተሸጋገረ ይቆጠራል። ከዓመት በኋላ ስንቱ ይሠራል ብሎ መቁጠር ግን ምቀኝነት ነው።

ደግሞ ቁጠባ አያውቁም እንዳይባል፣ ሲስተሙን የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ተመራቂ ተማሪዎች ናቸው። ጎበዞች ናቸው፤ ይህቺ እንኳ ሽሙጥ አይደለችም። ሰኔ ላይ ጋዋን ለብሰው ይመረቃሉ። ፓስወርዱም አብሮ ይመረቃል። ወረዳው ሲደውል ልጁ አዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ ላይ ነው።

ጥገናስ? የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ ከደመወዝ የተረፈችው ለነዳጅና ለወረቀት ትሮጣለች። ሰርቨር ማሳደሪያ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆየውን ዩፒኤስ መቀየሪያ የሚባል ነገር በስምምነት ሰነዱ ላይ ከሰፈረ፣ «በጋራ» ተብሎ ነው የሚሰፍረው። በጋራ የተባለውን ደግሞ የትኛው ወገን ቀድሞ ይደፍራል?

ከሁሉ ደስ የሚለኝ መከባበሩ ነው። አንዱ ዩኒቨርሲቲ የፋይል ሲስተም ቢሠራ፣ ጎረቤቱ የእሱን ኮድ ተቀብሎ አያሻሽልም። ነውር ነዋ! የራሱን ከዜሮ ይጀምራል። አንዱን ተካፍለው ቢያሳድጉት ኖሮ ርክክቡም አንድ ብቻ ይሆን ነበር። ስንቱ ባነር ሰሪ ሥራ ይፈታ ነበር!

ወረዳዎቻችንም ጥበበኞች ናቸው። ዛሬ አይደለም፣ ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ወረዳ ኔት የሚባለው፣ ወረዳዎችን የሚያገናኘው የመንግሥት ኔትወርክ በሳተላይት ሲዘረጋ ምኑን አጥብቀው እንደያዙ አስታውሱ፤ የቪዲዮ ስብሰባውን። መዝገብ ቤቷ ያለችው ሠራተኛም ዶሴዋን አልጣለችም። በእጅ ትጽፋለች፤ ኔትወርክ ሲመጣ ደግሞ ያንኑ ኮምፒውተር ላይ ትደግመዋለች። አንድ ሥራ ነበራት፣ ሁለት አደረግንላት።

ባለጉዳዩም ተጠቅሟል። ድሮ «ፋይልህ ጠፍቷል» ሲባል ማን አጠፋው ብሎ የሚጮህበት ሰው ነበረው፤ ደሙ ይፈላ ነበር። አሁን «ሲስተም የለም» ይባላል። በሲስተም ላይ ማን ይጮሃል? በሰላም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ነገ ይመለሳል፣ እግር ማፍታታትም ጤና ነው።

አሁን የቀረው ምርጥ ተሞክሮውን ቀምሮ ማስፋት ነው። የልምድ ልውውጥ ቡድን ከሌላ ወረዳ በሁለት መኪና ይመጣል። ገለጻው በፓወርፖይንት ይቀርባል፣ ይጨበጨባል። መቼም ከመሃል «ሲስተሙን እስቲ ከፍታችሁ አሳዩን» የሚል አንድ ክፉ ሰው አይጠፋም። እሱን ምሳ ደርሷል በሉት።