ክብደቷ ደህና ነው፤ እሷስ?

አንዲት ሴት በሐሳባችን እንሣል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ70 ነው። 100 ኪሎ ነበረች፤ በአምስት ወር ውስጥ 75 ገባች። እንዳትወፍር ስለምትፈራ ምግብ ያስጨንቃታል። አንድ ማንኪያ ከጨመረች ቀኑን ሙሉ ራሷን ስትወቅስ ትውላለች። ከተቀመጠችበት ስትነሳ ያዞራታል፣ ብርድ ብርድ ይላታል፣ የልብ ምቷም ዘገምተኛ ሆኗል። የሚያያት ሁሉ ግን «ጎበዝ! እንዴት አምሮብሻል!» ይላታል።

አኖሬክሲያ፣ ማለትም እንዳይወፍሩ ፈርቶ ራስን በምግብ የማስራብ ሕመም፣ አለባት ወይስ የለባትም? መልሱ ሐኪም ዘንድ በሄደችበት ዓመት ይለያያል። ቀልዴን አይደለም።

የአእምሮ ሕመሞችን መስፈርት ከሚያወጡ ሰነዶች መካከል በጣም የሚታወቀው የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር የሚያዘጋጀው ዲኤስኤም ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ሦስተኛው እትም፣ ለአኖሬክሲያ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ ከቀድሞ ክብደት ላይ 25 በመቶ መቀነስ ነበር። ሴትዮዋ ይህችን ነጥብ ልክ ታሟላለች። በ1994 አራተኛው እትም ሲመጣ ግን የሚታየው አሁን ያለችበት ክብደት ሆነ፤ ለቁመትና ለዕድሜ ከሚጠበቀው ከ85 በመቶ በታች እንዲሆን እንደ መለኪያ ተቀመጠ። ከየት ተነስታ እዚህ እንደደረሰች የሚጠይቅ የለም። 75 ኪሎ ደግሞ ለቁመቷ እንዲያውም ብዙ ነው። ስለዚህ «በሌላ ያልተመደበ» የሚባለው ክፍል ውስጥ ትገባለች። በ2013 አምስተኛው እትም «አቲፒካል አኖሬክሲያ»፣ ማለትም ከተለመደው ወጣ ያለ አኖሬክሲያ፣ አላት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው የበሽታዎች መመደቢያ፣ አይሲዲ-11 ደግሞ፣ ሌሎቹ መስፈርቶች ከተሟሉ፣ በስድስት ወር ውስጥ ከ20 በመቶ በላይ መክሳት የዝቅተኛ ክብደትን ቦታ ሊተካ ይችላል ይላል። በዚህኛው አኖሬክሲያ አለባት ማለት ነው። ሰውነቷ ያው፣ ጭንቀቷም ያው!

መስፈርት መቀየሩን አልቃወምም። አብዛኛው ለውጥ እንዲያውም የዘገየ ነው። የወር አበባን ነገር እንይ። አራተኛው እትም አንዲት ሴት አኖሬክሲያ አለባት ለመባል የወር አበባዋ ሦስት ጊዜ በተከታታይ መቅረት አለበት ይል ነበር። ወንዶችስ? የወር አበባ ያላዩ ልጃገረዶችስ? ያረጡ ሴቶችስ? የወሊድ መከላከያ እንክብል እየወሰደች በየወሩ የምትደማዋስ? አጥንቷ የገጠጠ፣ ምግብ የምትሸሽ፣ ግን የወር አበባዋ ያልቀረ ሴት ወደዚያው «ያልተመደበ» ወደተባለው ክፍል ትገፋ ነበር። መስፈርቱ በ2013 ተሰረዘ። እሰየው ነው።

ያ «ያልተመደበ» የተባለው ክፍል ራሱ ብዙ ይናገራል። ለትርፍራፊው ተብሎ የተከፈተ ነበር። በብዙ ክሊኒኮች ግን በአመጋገብ መታወክ ከሚመጡት ሰዎች ትልቁ ቁጥር የተከማቸው እዚያ ሆነ። አብዛኛው ሰው የማይገባበት አመዳደብ፣ ችግሩ ከሰዎቹ ሳይሆን ከራሱ ነው። ጉዳቱም ወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። የሕክምና ጥናቶች ስሙ ጥርት ያለውን ሕመምተኛ ስለሚመርጡ፣ እነዚህ ሰዎች ከጥናቱም ከጥቅሙም ቀሩ።

ከዚያ ለማውጣት በ2013 በሮቹ ሰፉ። ለቡሊሚያ፣ ማለትም ብዙ በልቶ በማስታወክና በመሳሰለው ለማካካስ ለሚሞከርበት ሕመም፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ የነበረው ልክ ወደ አንድ ጊዜ ወረደ። ራስን መቆጣጠር አቅቶ ብዙ መብላት፣ ማለትም ቢንጅ ኢቲንግ፣ ከአባሪው ወጥቶ ራሱን የቻለ ሕመም ተባለ። ክብደት ሳያሳስባቸው በምግቡ ጠረን፣ በልስላሴውና በሻካራነቱ ወይም እንዳያንቃቸው በመፍራት ለማይበሉ ሰዎችም፣ ልጅ ሆኑ አዋቂ፣ የራሳቸው ምድብ ወጣ።

እዚህ ላይ ጋዜጠኞችም እኛ አንባቢዎችም ቆም ማለት አለብን። በር ሲሰፋ ቆጠራው ይጨምራል። «የቡሊሚያ ሕሙማን ቁጥር አሻቀበ» የሚል ዜና ሲወጣ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ንጽጽሩ ከ2013 በፊትና በኋላ ያለውን ያቀላቅል እንደሆነ ነው። ከሆነ፣ ከጭማሪው ከፊሉ ትናንት «ያልተመደበ» ተብሎ የተቆጠረው ሰው ሊሆን ይችላል። በዓለም ላይ አንድም አዲስ ሰው ሳይታመም ግራፉ ሽቅብ ይወጣል።

በሩ ከልክ በላይ ሰፋ የሚሉም አሉ። የአራተኛውን እትም ሥራ የመሩት ሳይካትሪስት አለን ፍራንሲስ፣ በሦስት ወር አሥራ ሁለት ጊዜ ከመጠን በላይ መብላት የአእምሮ ሕመም ሊባል ነው ወይ ብለው አጥብቀው ተችተዋል። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ሆዳምነትን ሁሉ በሽታ ብንል መድኃኒት ሻጭ ነው የሚደሰተው። ግን መስፈርቱ ብዙ መብላት ብቻ አይደለም። መቆጣጠር ማቃት አለ። ከባድ ጭንቀት አለ። ሳይራቡ መብላት፣ እያፈሩ ተደብቆ መብላት፣ ከዚያ በኋላ ራስን መጸየፍ አለ። ድግስ ላይ ጠግቦ ቀበቶውን ያላላ ሰው እዚህ ውስጥ አይገባም።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። አምስተኛው እትም ብዙ በር ከፍቶ ሚዛኑን ግን በዋናው በር ላይ አቆመው። ለአዋቂ ሰው አኖሬክሲያው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚለየው ደረጃ የሚጀመረው ከቢኤምአይ፣ ማለትም ኪሎን ከቁመት ጋር ከሚያመዛዝነው መለኪያ ነው፤ 17 እና ከዚያ በላይ ቀላል፣ ከ15 በታች እጅግ ከባድ። ሐኪሙ ምልክቶቹን አይቶ ደረጃውን ከፍ ማድረግ ይችላል፣ እውነት ነው። መነሻው ግን ኪሎ ነው። በፍጥነት ብዙ ኪሎ የጣለ ሰው፣ ዛሬ ሚዛኑ «ደህና» ቢልም፣ ልቡና ደሙ ከቀጭኑ ሰው ባልተናነሰ ሊጎዱ ይችላሉ። እንዲህ ያለውን ሰው በጎን በር ማስገባት ለምን አስፈለገ? አይሲዲ-11 የጀመረውን ዲኤስኤምም ተቀብሎ፣ ስንት ኪሎ በምን ያህል ጊዜ እንደተቀነሰ በዋናው መስፈርት ውስጥ ቢያስገባው ይሻላል። እስከዚያው የልብ ምት ለመቁጠር፣ የደም ግፊት ተኝቶም ቆሞም ለመለካት፣ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየምና ፎስፌት ለማየት አዲስ እትም መጠበቅ የለበትም።