ቢልሃርዚያውስ?

ወንድሜ፣ ጣና ዳር ለዋና የሚመቹ ቦታዎችን መጠቆምህ ጥሩ ነው። ግን ቢልሃርዚያን፣ ያንን ከውሃ የሚይዝ የትል በሽታ፣ እንዴት ዘለልከው? እኔ ባሕር ዳር ነው ያደግሁት። ልጅ ሆነን ደንገሉ ሥር ስንንቦጫረቅ እንውል ነበር። በኋላ ሆዴን እየቆረጠ ሲያስቸግረኝ ተመረመርኩ፤ ቢልሃርዚያ ተባልኩ። ትሉ የሚያድገው ዳር ዳር፣ ሣር በበዛበት ውሃ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ነው። ከዚያ ወጥቶ ቆዳ ሰርስሮ ለመግባት ደቂቃዎች ይበቁታል። የዋኘ ሰው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ቢመረመር አይከፋም። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ እኔን አድኖኛል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ አለ። እዚያ ለፎቶም ቢሆን አትጠጉ! ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሥርማ ክረምት ላይ መዋኘት ይቅርና ጠርዙ ላይ መቆምም ያስፈራል።