ማሩን በማንኪያ፣ ንቧን በፍሊት

እኔስ ግራ ገባኝ። ሰሞኑን ደንበጫ እናቴ ቤት ዘመዶች ከአዲስ አበባ መጥተዋል። ገና ከመኪና ሳይወርዱ ሳኒታይዘር ተከፋፈሉ። ይሁን፣ ምን ቸገረኝ። ሕፃኑ ጓሮ ወጥቶ አፈር ሲነካ ግን "ጀርም!" ብለው እንዴት እንደጮኹበት! ልጁ በድንጋጤ አለቀሰ።

ማታ እንጀራ ቀረበ። ጣት እስኪቆረጠም በሉ። ያንን ሊጥ ያቦካው ማን ሆነና? እርሾው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን እኮ ናቸው!

ጠዋት ደግሞ ማር ወጣ። ሽታው የሳባት አንዲት ንብ በመስኮት ገባች። አክስቴ በአንድ እጇ ማር የነካ ዳቦ፣ በሌላው ፍሊት። ገበታው ላይ ነፋችው! ማሩን የሠራው ማን መሰላት?

ከሁሉም ያንገበገበኝ የእስስቷ ነገር ነው። አጥሩ ላይ ዝንብ ስትለቅም የምትውል ምስኪን ናት። መርዝ የሚባል ነገር የላትም። "መርዛም ናት" ብለው በዱላ ቀጠቀጧት። ከሰዓት በኋላ ስለምን ቢያማርሩ ጥሩ ነው? ስለ ዝንብ።

ንጽሕና ይቅር አላልኩም። እጅ በሳሙና መታጠብማ ግዴታ ነው። እንዲያውም ያ ሳኒታይዘር የሚያከፋፍለው አጎቴ ከሽንት ቤት ወጥቶ ሳይታጠብ ገበታ ሲቀርብ በዓይኔ አይቻለሁ። ዝም አልኩ፣ ታላቄ ነው።

ማታ ጅብ ሲጮህ ደግሞ በሩን በጠረጴዛ ደገፉት። ጅቡ እቴ፣ የሰፈሩን ጥንብ ጠርጎ በመንገዱ ሄደ።

ፍሊቱን ደብቄዋለሁ። ሲሄዱ እመልስላቸዋለሁ።