ጭሱ ባይታይም

ስለ ማብሰያ ጋዝ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ጋዝ ንጹህ ማገዶ ነው» ብሎ ማለፉ ግማሽ እውነት ነው። ከእንጨትና ከከሰል ጋር ሲነጻጸር፣ አዎ፣ ሳንባ እፎይ ይላል። ሰማያዊው ነበልባል ጥቀርሻ ስላልተወ ግን ምንም አያወጣም ማለት አይደለም። ሙቀቱ በአየር ውስጥ ያሉትን ናይትሮጅንና ኦክስጅን አዋህዶ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይፈጥራል፤ ይህም የአየር ቧንቧን ያስቆጣል፣ አስም ያለበትን ያባብስበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 የዚህን ጋዝ ዓመታዊ አማካይ ገደብ ከ40 ወደ 10 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ያወረደው በከንቱ አይደለም። በዚሁ አቆጣጠር በ2013 የታተመ የ41 ጥናቶች ትንተናም በጋዝ በሚበሰልበት ቤት የሚኖሩ ሕፃናት አስም የሚኖርባቸው ዕድል በ42 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ዝምድና ነው እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ ቢሆንም ቀላል ቁጥር አይደለም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ከምድጃ በላይ የሚሰቀለው ጭስና እንፋሎት የሚስብ መሳሪያ ነው። ብዙው አየሩን ከቅባት አጥርቶ እዚያው ቤት ውስጥ መልሶ ይነፋል፤ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይዱን አያስቀርም። አየሩን ወደ ውጭ የሚያስወጣውን ምረጡ፤ ከሌለ እሳቱ ሳይለኮስ መስኮት ክፈቱ፣ ከጠፋም በኋላ ለጥቂት ጊዜ አትዝጉት። ድስቱንም ከኋላ ባለው እሳት ላይ ጣዱ፤ መሳሪያው ከዚያ የሚወጣውን የተሻለ ይስባል።