ነዳጁ ከሰማይ ነው እንዴ የሚመጣው?

ወገን፣ ዛሬ ብሶቴን ካላወጣሁት ማታ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የጀልባ ሞተር ያለው ሰው አዲስ አበባ ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ ምን ይሠራል እንዳትሉኝ። ጀልባዋ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ናት። ከአጎቴ ልጅ ጋር በጋራ የገዛናት ናት፤ ሰው ወደ ደሴቶቹ ታመላልሳለች። ሞተሩ ሲታመም ግን «መካኒኩም ዕቃውም ያለው አዲስ አበባ ነው» ይባልና፣ ተፈትቶ፣ አይሱዙ ላይ ተጭኖ፣ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ እኔ ግቢ ይመጣል።

ሕመሙ ይሄ ነው። ይነሳል። ሚኒሞ ላይ ምንም አይለውም። ነዳጅ ሲሰጡት ትንሽ ይሄድና ትንፋሽ ያጥረዋል። ከዚያ ጸጥ። መኪና ቢሆን ወርዶ መግፋት አለ። ቱሉ ጉዶ ደሴት ደርሰው፣ ማርያምን ተሳልመው የሚመለሱ እናቶች ይዛችሁ ሐይቁ መሃል ስትቆሙ ምን ትገፋላችሁ? ጉማሬውም አለ። ያለው አማራጭ መቅዘፍ ነው።

መካኒኮቻችን ደግሞ አንድ መልስ ነው ያላቸው። «ጋሼ፣ ካርቡራተሩ ነው። ይፈታ።» ገና የሞተሩ ሽፋን ሳይነሳ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ነዳጁን ከአየር ጋር የሚያደባልቀው ካርቡራተር ይፈታል፣ ይታጠባል። ሲፈታ መጋጠሚያው ላይ ያለው ስስ ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይቀደዳል። የተቀደደው ጓርኒሲዮን ገበያ ላይ የለም። ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ይቀየራል፣ ሂሳብ ይከፈላል፣ ሞተሩ ዝዋይ ይወርዳል። ሐይቁ መሃል እንደገና ጸጥ።

እኔ የምለው፣ ነዳጁ ከሰማይ ነው እንዴ የሚመጣው? ከነዳጅ ጋኑ፣ ከሰልባቲዮው ይነሳል። በጎማው አድርጎ፣ በእጅ በምትጨመቀዋ የጎማ ኳስና በፊልትሮው አልፎ፣ ሞተሩ ላይ ያለው ፓምፕ ይስበዋል። ካርቡራተር የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ታዲያ ለምንድነው ፍለጋው ከመጨረሻው የሚጀመረው?

ሰልባቲዮው ክዳን ላይ አንዲት ትንሽ የአየር መግቢያ ብሎን አለች። እሷ ከተዘጋች በወጣው ነዳጅ ፋንታ አየር አይገባም፤ ሞተሩ ይስባል ይስባል፣ ነዳጅ አይመጣለትም። እሷን አይቶ ቀጥሎ ኳሷ ነው። ላይዋ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ ማመልከት አለበት። ጨመቅ ጨመቅ ስትደረግ ጠጠር ማለት አለባት። እንቢ ካለች ወይ የሆነ ቦታ አየር ይገባል፣ ወይ ውስጧ ያለው ቫልቭ ሄዷል። አብዛኛውን ጊዜ አየሩ የሚገባው ጎማው ሞተሩ ላይ በሚሰካበት ቦታ ካለችው ቀለበት ነው፤ ስትደርቅ ትሰነጠቃለች። ሞተሩ እየሠራ ኳሷ ጠፍጣፋ ከሆነች ደግሞ በሰልባቲዮው በኩል የታፈነ ነገር አለ። ሞተሩ ሊጠፋ ሲል ስትጨምቋት ነፍስ ከዘራ የሞተሩን ፓምፕ ጠርጥሩት፤ ውስጡ ያለው ስስ ዲያፍራም ተቀዶ ይሆናል። ይሄ ሁሉ ካቻቪቴ አይፈልግም። ይህንን ለመካኒኩ ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ዩቲዩብ ማየት ጀመሩ እንዴ?»

ሙከራውስ ቀላል መሰላችሁ? ይሄ ሞተር ያለ ውሃ አይነሳም። ከታች ውሃ የሚስብለት ላስቲክ አለው፤ በደረቁ ከሠራ ወዲያው ይቃጠላል። ስለዚህ በርሜል ሙሉ ውሃ ያስፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር! ባለቤቴ በርሜሉን አይታ እኔን ያየችኝን አስተያየት ልነግራችሁ አልችልም። ጭሱ ግቢውን ሲሞላው ደግሞ ጎረቤት በአጥር ላይ ብቅ ይላል።

ቤንዚኑ ነው ግን ዋናው ጣጣ። ማደያ ጀሪካኔን ይዤ ሄድኩ። «ሰሌዳ ቁጥር?» አለችኝ ልጅቷ።

«የጀልባ ሞተር ነው የኔ ልጅ።»

«ጀልባ? እዚህ?» ከኋላዬ የተሰለፈው ባጃጅ ሁሉ ሳቀ። «በጀሪካን አይቀዳም አባቴ። ደብዳቤ ያምጡ።»

ደብዳቤ ከማን? ጀልባ እኛ ወረዳ አይመዘገብ። ቤንዚን በጀሪካን ወደ ጥቁር ገበያ እንዳይወጣ ነው ክልከላው፤ እሱስ ይገባኛል። ግን እኔን ቀጥ አድርጎ የሰደደኝ ወደዚያው ጥቁር ገበያ ነው። መንገድ ዳር በሃይላንድ ወደሚሸጠው።

ያንን ቤንዚን ባዶ የማር ብርጭቆ ውስጥ ገልብጬ አስቀመጥኩት። ትንሽ ቆይቶ ከታች ሌላ ነገር ተኛ። በመሃላቸው መስመር ተሰመረ። ብርጭቆውን ሳዘነብለው የታችኛው ለብቻው ይንከባለላል። ውሃ! ከቤንዚን ስለሚከብድ ይዘቅጣል፤ ሰልባቲዮ ውስጥም ነዳጅ የሚስበው ቱቦ ያለው ታች ነው። ለመካኒኩ አሳየሁት። «ኤታኖል ነው» አለኝ። እርግጥ አንድ ሰሞን፣ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፣ ከስኳር ፋብሪካ የሚመጣ ኤታኖል በ5 በመቶ፣ ኋላም በ10 በመቶ ይደባለቅ ነበር። ኤታኖል ውሃ መሳቡም እውነት ነው። ይሄኛው ግን በሃይላንድ የመጣ ውሃ ነው፤ ምን ይገደው!

ዘይቱንማ አታንሱብኝ። እንደኛው ያለ ሁለት ምት ሞተር እንደ መኪና ሆዱ ውስጥ የሚቀመጥ ዘይት የለውም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ገብቶ አብሮ ይቃጠላል። የተለመደው ድብልቅ 50 ለ 1 ነው፤ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት። የኛው ሞተር ራሱ የሚያደባልቅ፣ ለብቻው የዘይት ጋን ያለው ነው። ዘይት ሲያጣ ይጮኻል። አንዱ ጎበዝ ምን አደረገ? ጩኸቱ ሰለቸውና ሽቦውን ቆረጠው! ዘይት ያጣ ፒስተን ሲሊንደሩ ውስጥ ነክሶ እንደሚቀር እያወቀ። ጋኑ ላይ በማርከር ምልክት አድርጎ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ ዘይቱ መቀነሱን ማየት ምን ይከብዳል? ካልቀነሰ ፓምፑ አይሠራም፣ ወይ ቱቦው ውስጥ አየር አለ። እስኪጣራ ድረስ ዘይቱን በእጅ ሰልባቲዮው ውስጥ መቀላቀል ነው፤ እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው።

የሚቀላቀለው ዘይት ደግሞ በውሃ ለሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር የተሠራው ነው፤ ዕቃው ላይ ቲ ሲ ደብልዩ 3 የሚል አለው። ሻጩ ግን የባጃጅ ዘይት አውጥቶ «ዘይት ዘይት ነው ጋሼ» ይላል።

በዚህ ሁሉ ላይ ከፍታው አለ። እኔ ግቢ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል፤ ዝዋይ ከ1,600 ትንሽ ከፍ ይላል። እዚህ አየሩ ሳሳ ስለሚል ነዳጁ ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል። መካኒኩ ጥቁረቱን አይቶ ነዳጁን ይቀንሳል። ሞተሩ ዝዋይ ሲወርድ አየሩ ወፈር ይላል፣ ነዳጁ ያንሰዋል፣ ይግላል። ከዚያ ስልክ ይደወልልኛል።

ለማንኛውም ሞተሩ አሁን በርሜሉ ውስጥ ቆሟል። ለ8 ሚሊ ጎማ የምትሆን የጎማ ኳስ ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ያያችሁ፣ የሱቁን አቅጣጫ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ትክክለኛው ዘይት ያላችሁ ዋጋውን በውስጥ መስመር። የባጃጅ ዘይት ያላችሁ ግን ይቅርባችሁ።