ጆሮ ያደማል እንጂ ጥራትስ አለው

የኛ ፒያሳ ልጆች እውነት ሊመሰገኑ ይገባል። ዱሮ ጎንደር ላይ ሰው ስፒከር ሲገዛ የሚወደውን ዘፈን አስከፍቶ በገዛ ጆሮው ሰምቶ ነበር አሉ፣ ኋላ ቀርነት! አሁን እድሜ ለሪቪው፣ አንዱ ዩቲዩብ ላይ "ክሪስታል ክሊር ነው" ካለ አለቀ፣ ጆሮ መነፅር ማንጠልጠያ ነው።

እኔማ ሁለት ስፒከር የሚያወዳድሩበትን ቪዲዮ አልጠግብም። ድምፁ በሰውየው ማይክ ተቀድቶ፣ ኢንተርኔት ላይ ተጨምቆ፣ በኔ ስንጥቅ ስልክ ይወጣና ጋደም ብዬ "ሁለተኛው ቤዙ ይበልጣል" እላለሁ። ጥፍር በምታክል የስልክ ስፒከር ቤዝ መለየት እኮ ፀጋ ነው። ሰውየው እቃውን በነፃ ልከውለት ይሁን ከስር ባለው ሊንክ ኮሚሽን ይብላ ምን አገባን፣ ፊቱ ሲታይ ቅን ነው።

የጎረቤታችን ልጅ እንዲህ አጥንቶ ገዛና አዝማሪ ከፈተ። መሰንቆው የፈረስ ጭራነቱ ቀርቶ ቆርቆሮ የሚፍቅ ምስማር ሆነ፣ ከበሮው ከከተማው ዳር አዘዞ ቀርቷል፣ ዘፋኟ "ሰ" ባለች ቁጥር ቹስስ። እናቱ ከጓዳ "አንተ፣ ምን እየጠበስክ ነው?" ሲሉት "እማዬ ይሄ ዲቴል ነው!" አላቸው ኮራ ብሎ።

ነገሩ እንኳ ተንኮል አለበት፣ ጆሯችን ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ (በሰከንድ ይሄን ያህል ጊዜ የሚነዝር) አካባቢ ያለው ድምፅ ላይ ነው በጣም የሚነቃው፣ እዚያ ጋ ትንሽ ከፍ ካደረጉልህ ሱቅ ውስጥ ለ1 ደቂቃ ስትሰማው ወይ ጥራት! ትላለህ፣ ቤትህ ገብተህ 1 ሰአት ስትሰማው ደግሞ ፓናዶል ትፈልጋለህ። ልጁን ትሬብሉን፣ ቀጭኑን ድምፅ ማለቴ ነው፣ ቀንሰው እንጂ ስለው "ሪቪው ላይ እንዳትነኩት ተብሏል፣ 100 ሰአት ሲጫወት ይፈታል" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ከ100 ሰአት በኋላ ጆሮ ይለምዳል፣ ስፒከሩ ተፈታ ይባላል።

ከቤቱ ደስ ያላቸው አያቱ ብቻ ናቸው። እድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው፣ እሳቸው ጋ ሲደርስ ተስተካክሎ ነው የሚደርሰው መሰለኝ፣ "እሰይ፣ መሰንቆው ጥርት አለ" አሉ። ልጁ ታዲያ ይቺን በስልኩ ቀርፆ "የ80 አመት ልምድ ያለው አድማጭ ምስክርነት" ብሎ ለቀቃት።

እስካሁን ሁለት የሰፈር ልጆች ገዝተዋል።